ግራጫው የፈረንሳይ ወንበር፤ ከኮልፌ እስከ ሪችፊልድ

አሜሪካ ሄጄ መመለሴን የሰሙ የኮልፌ ወዳጆቼ ሁሉ የሚጠይቁኝ ስለ ሕንጻው ቁመትና ስለ መንገዱ ስፋት ነው። እኔ ግን ከቆየሁባቸው ቀናት ዋና ዋናዎቹን ያሳለፍኩት አንድ ወንበር ሥር ተንበርክኬ ነው። ቁመት የፈለገ ሌላ ተጓዥ ይጠይቅ። እዚህ የምጽፈው ስለ ወንበሩ፣ ስለ ታናሽ ወንድሜ ስለ ጀማልና እኔ በገዛ እጄ ስላጠፋሁት ጥፋት ነው።

ለማያውቁኝ፣ ሰይድ እባላለሁ፤ የደሴ ልጅ ነኝ። ኮልፌ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። ሠላሳ ዓመት የኖርኩት በመቅረጽ ነው። አናጢዎቹ ሶፋውን ይገጥማሉ፣ እኔ አበባውን፣ ቅጠሉን፣ የአንበሳውን እግር አወጣለሁ፤ ከዚያ ወርቅ ቀለም ይቀባና ሙሽሮች ይቀመጡበታል። እኛ ቤት ይህን ዓይነቱን ሥራ "ሉዊስ" እንለዋለን። ሉዊስ ማን ነው ብሎ የጠየቀኝ ደንበኛ የለም፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም። ሌላው ስለ እኔ መታወቅ ያለበት ነገር ቁጭ ማለት አለመቻሌ ነው። ባለቤቴ "ወንበር ስትሠራ ትኖራለህ እንጂ አንድ ቀን አትቀመጥበትም" ትለኛለች፤ እውነቷን ነው።

ጀማል ሚኒሶታ ከገባ ሃያ ዓመት ሊሆነው ነው። ሙያውን የተማረው እኔ ጋ ነው። እዚያም ሴንት ፖል ውስጥ አሮጌ የቤት ዕቃ የሚጠግን ዎርክሾፕ ተቀጥሮ አሥራ ስድስት ዓመት ሠርቷል። ዘንድሮ ደወለና "ጋሼ፣ መጥተህ ትንሽ እረፍ" አለኝ። እሺ ስለው "መሮዎችህን ይዘህ ና" ሲል ጨመረ። የሚያርፍ ሰው መሮ ምን ይሠራለታል ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩም።

ማክሰኞና ረቡዕ

ከቦሌ የተነሳሁት ማክሰኞ ነው። አውሮፕላን ለእኔ ዓይነቱ ሰው የተሠራ ነገር አይደለም። አስተናጋጇ አራት ጊዜ "አባባ፣ እባክዎ ይቀመጡ" አለችኝ። አጠገቤ የነበሩት የልጅ ልጅ ሊያዩ የሚሄዱ እናት ደግሞ አምስተኛው ላይ "ወንድሜ፣ እርስዎ በእግርዎ ሊደርሱ ነው እንዴ?" ብለው ሳቁብኝ። ምግቡ በትንንሽ ሣጥን የሚመጣ፣ ሳይጠግቡ የሚነሱት ነው።

አሜሪካ ስገባ የኤርፖርቱ መርማሪ ሻንጣዬን ከፈተ። በሻሽ የጠቀለልኳቸውን አሥራ አራት መሮዎች ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። "ዎርክ?" አለኝ። ለጉብኝት የሄደ ሰው መሥራት እንደማይፈቀድለት ጀማል ነግሮኝ ስለነበር ላብ በላብ ሆንኩ። "ኖ ዎርክ። ብራዘር!" አልኩት። ምን ማለቴ እንደሆነ እኔም አላውቅም። ሰውየው ቀጥሎ የበርበሬውን ፌስታል ፈታ፤ አስነጠሰው፤ ደግሞ አስነጠሰው፤ በመጨረሻ በእጁ ሂድ ሂድ አለኝ። የባለቤቴ በርበሬ ባይኖር ኖሮ ይህ ጽሑፍ እዚያው ላይ ያልቅ ነበር።

ሚኒያፖሊስ የደረስኩት ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነው። ጀማል፣ ባለቤቱ ዘሐራና የአሥራ ሰባት ዓመቷ ልጃቸው ሀያት ሊቀበሉኝ መጥተው ነበር። መኪናውን የነዳችው ሀያት ናት። እኔ በአማርኛ እጠይቃታለሁ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፤ ሁለታችንም ደስ ብሎን እንሄዳለን። ቤታቸው ከከተማዋ ወጣ ብሎ ሪችፊልድ ነው፤ ትንሽ፣ ዝቅ ያለች፣ ከጎኗ ጋራዥ ያላት ቤት። ውጭው ይቀዘቅዛል። እኛ አገር በጥቅምት አንድ አጥንት ይባላል፤ እዚያ ያለውን ጥቅምት አንድ አጥንት አይመልሰውም። ዘሐራ ግን አውቃ ኖሮ ሥጋ ያለው ሩዝ ከነትኩሱ አቀረበችልኝ።

ጀማል ወፍሯል። ያየሁበት አዲስ ነገር ከእጁ የማይለየው ባለመክደኛ ብረት ኩባያ ነበር። በመኪና ያንን ይዟል፣ በቤት ያንን ይዟል፣ ዘሐራ ሻይ በብርጭቆ ስትቀዳልን እንኳ እሱ በኩባያው ነው የጠጣው፤ ያውም በሁለት እጁ አቅፎ። ይህ አገር ሁሉን ነገር ክዳን ያለብሰዋል ማለት ነው ብዬ ለራሴ ቀለድኩ።

ሐሙስ

"ዛሬ ኦፍ ነኝ፤ ሙዚየም እንሄዳለን" አለኝ ጀማል። መግቢያው በነጻ ነው። የድሮ የፈረንሳይ ዕቃ ያለበት ክፍል ስንገባ ልቤ ዘለለች። እግሩ የተጠማዘዘ፣ ወርቅ የተቀባ ወንበር ፊት ለፊቴ ቆሟል።

"ይኼ ሉዊስ ነው!" አልኩ በኩራት።

"የትኛው ሉዊስ?"

"ስንት ሉዊስ አለ?"

"ይኼ የፈረንሳዩ ንጉሥ የአሥራ አምስተኛው ሉዊስ ጊዜ ስታይል ነው። ያኛው ደግሞ የአሥራ ስድስተኛው" አለና ክፍሉ ጥግ ያለውን በአገጩ አሳየኝ።

ያኛው ሌላ ነገር ነበር። እግሮቹ ቀጥ ያሉ፣ ወደ ታች እየቀጠኑ የሚሄዱ፣ ዙሪያቸውን ከላይ እስከ ታች ቦይ የወጣላቸው፣ ልክ እንደ ድንጋይ ምሰሶ። እግሩ ከመቀመጫው ጋር የሚገናኝበት አራት ማዕዘን ላይ አንዲት አበባ ብቻ ተቀርጻለች። በጠርዙ በኩል የዶቃ ሰንሰለት የመሰለች ቀጭን ቅርጽ ታልፋለች። ወርቅ የለውም፤ ግራጫ ቀለም ነው የተቀባው። ጀማል እየተዘዋወረ ነገረኝ። ጣሊያን ውስጥ በእሳተ ገሞራ አመድ የተቀበሩ የጥንት የሮም ከተሞች ተቆፍረው ሲወጡ፣ ፓሪስ ያሉ ሰዎች የምሰሶውን፣ የአክሊሉን፣ የማሰሮውን ቅርጽ አይተው አበዱ። ጥምዝምዙ ሰለቻቸው። አዲስ ነገር ሲፈልጉ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ተመለሱ።

እኔ ግን ጆሮዬ ግማሹን ብቻ ነበር የሚሰማው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የአሥራ አምስተኛውን እግር ከአሥራ ስድስተኛው መደገፊያ ጋር ስገጥም እንደኖርኩ ገብቶኝ ነበር። የበግ ላት ፍየል ላይ እንደመስፋት ነው። ደንበኞቼ ግርማ አለው እያሉ ወስደውታል፣ እኔም ግርማ አለው ብያለሁ። አፈርኩ፤ እዚያው ቆሜ ጆሮዬ ድረስ ጋለብኝ።

እፍረቴን ለመርሳት ብዬ ይሁን እንጃ፣ ግራጫው ወንበር ከሥሩ እንዴት እንደተገጠመ ልይ ብዬ ወለሉ ላይ በደረቴ ተኛሁ። ጠባቂዋ እየሮጠች መጣች። ወድቄ መስሏት ነበር። ጀማል ሲያስረዳት ሳቀች፣ ግን ተነስ አለችኝ። "እነዚህ ሰዎች ወንበር ከላይ ብቻ ነው እንዴ የሚያዩት?" አልኩት ጀማልን። "ጋሼ፣ ከሥር የምታየው አንድ አለኝ፤ ነገ አሳይሃለሁ" አለኝ።

ዓርብ

ጁምዓ የሰገድነው ሴዳር ሪቨርሳይድ በሚባለው ሰፈር ነው። ሕንጻዎቹ ረጃጅም ናቸው፤ ከሥራቸው ያለው ሱቅ፣ ሻይ ቤትና ወሬ ግን ከእኛ አውቶቡስ ተራ ብዙም አይርቅም። ከሶላት በኋላ አንድ የአዲስ አበባ ሰው ሻይ ካልጋበዝኳችሁ ብሎ ያዘን። ጀማል "ፓርኪንጌ ሊያልቅ ነው" ብሎ እጄን ጎትቶ አወጣኝ። መኪናው ግን ሰዓት በማይጠየቅበት መንገድ ዳር ነበር የቆመው። ዋሸ። ለምን እንደዋሸ አልገባኝም።

ቤት ስንደርስ በቀጥታ ጋራዡን ከፈተው። ወፍራም ብርድ ልብስ ሲያነሳ ግራጫ ባለእጅ ወንበር ብቅ አለ፤ የሙዚየሙ ወንድም። ቀለሙ እዚህም እዚያም ተሰነጣጥቋል። ከፊት እግሮቹ በአንዱ ላይ ያለችው አበባ ተገንጥላ ጠፍታለች። ወንበሩ የዎርክሾፑ ደንበኛ የሆኑ የአንዲት አሮጊት ነው። የዎርክሾፑ ባለቤት ሊንዳ፣ ጀማልን ስለምታምነው ቅዳሜና እሑድን ቤቱ ሆኖ በጸጥታ እንዲሠራው ፈቅዳለታለች።

ገልብጠን አየነው። ከመቀመጫው ሥር የወንበር ሠሪው ስም በማኅተም ተመትቷል። "የቀራጩስ?" አልኩ።

"የቀራጩ አይጻፍም። በዚያ ዘመን ማኅበራቸው የተለያየ ነው። የገጠመው ሰው መቅረጽ አይፈቀድለትም፤ የሚቀርጸው ሌላ ነው፣ የሚቀባው ሌላ።"

"እንግዲህ የእኔ ቢጤዎች ስም የላቸውም ማለት ነው።"

ጀማል አልሳቀም። ኩባያውን መሬት ላይ አስቀመጠና ቀኝ እጁን ዘረጋልኝ። ይንቀጠቀጥ ነበር። እንደ ብርድ ዓይነት አይደለም፤ ጣቶቹ በራሳቸው የሚሄዱበት ያላቸው ይመስላሉ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ሁለት ዓመት አለፈው።"

"ዶክተር አየህ?"

"አላየሁም። ካየኝ ስም ያወጣለታል።"

"ዘሐራስ?"

"አታውቅም። ሊንዳም አታውቅም። ብታውቅ እንዲህ ያለ ወንበር ታስነካኛለች? እስካሁን ማጣበቁን፣ መግጠሙን እየወሰድኩ፣ ቀረጻውን ለሌላ እየገፋሁ ኖርኩ። ይኼኛውን ግን ጀማል ካልሠራው አለች። አበባዋን አንተ ቅረጽልኝ ጋሼ። ይኸው ማኅተሙን አየህ፤ ድሮም የሚገጥመውና የሚቀርጸው አንድ አልነበረም። ነውሩ ምኑ ላይ ነው?"

"ያኔ ሁሉም ያውቅ ነበር" አልኩት። "አሁን የሚያውቀው ማነው?"

ኩባያውን፣ የሻዩን ሽሽት፣ መሮ ይዘህ ና ማለቱን አሁን ሁሉንም ተረዳሁ። ተቆጣሁ፣ አዘንኩም። ታናሽ ወንድሜ ነው፤ መሮ አያያዝ ያሳየሁት እኔ ነኝ። እንጀራው በዚያ እጅ ላይ ነው። እሺ አልኩት።

ቅዳሜ

ጀማል ለግማሽ ቀን ኦቨርታይም ገባ። ዘሐራ፣ የአረጋውያን ቤት ወጥ ቤት ውስጥ የምትሠራው፣ ሺፍት ስላልነበራት ሌክ ስትሪት ያለ የገበያ አዳራሽ ወሰደችኝ። በአንድ ጣሪያ ሥር የሜክሲኮው፣ የሶማሌው፣ የሕንዱ ምግብ ይሸጣል። እኔ የምግብ ቤቱን ወንበሮች እየገለበጥኩ ሳይ ዘሐራ ዝም ብላ ታየኝ ነበር። በኋላ ሳህኗን ገፋ አደረገችና፣

"ጋሼ፣ እርስዎ ታላቁ ነዎት፤ ይጠይቁልኝ" አለችኝ። "ጀማል ተለውጦብኛል። አብረን ሻይ አንጠጣም። ሰው ቤት አይሄድም። እጄን የያዘኝ መቼ እንደሆነ ወላሂ ረሳሁት፤ ስይዘው ያስለቅቀኛል። ሌላ ሰው ካለችም ይንገረኝ።"

"ሥራ በዝቶበት ይሆናል" አልኳት። ጀማል በፓርኪንግ የዋሸው ውሸት ገርሞኝ ነበር፤ በማግስቱ እኔም ተማርኩት። ዘሐራ "ይሁን" አለችና ለልጅ ልጆቼ ከረሜላ ገዛችልኝ። ይህ ደግሞ ከስድብ የባሰ ነው።

ከሰዓት በኋላ ጋራዡ ውስጥ ገባሁ። ጀማል ወንበሩ ከተሠራበት ቢች ከሚሉት እንጨት ቁራጭ አዘጋጅቶልኛል። ቢች እንደ ዋንዛ እሺ አይልም፤ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ለስህተት ምሕረት የለውም። የቀሩትን ሦስት አበባዎች እየዳሰስኩ መጀመሪያ በጣቴ ተማርኳቸው። እኛ አገር አበባ ስቀርጽ ደንበኛው ከሩቅ እንዲያየው አወፍረዋለሁ። ይኼኛው ቀጭን ነው፣ ቁጥብ ነው፣ ቅጠሉ ጫፍ ላይ ብቻ ቀና ይላል። ሁለት ጊዜ አበላሸሁ። በሦስተኛው ወጣች። ጀማል አጠገቤ ቆሞ "እዚህ ጋ ትንሽ፣ እዚህ ጋ" ይለኛል፤ ዓይኑ ልክ ነው፣ ከእኔም ይበልጣል። ስናጣብቃት አልሐምዱሊላህ ብሎ ሳቀ፤ በሳምንቱ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እሑድ

እንግዳ መጀመሪያ ወርቅ፣ ሲቆይ ብር፣ ሲሰነብት ብረት ነው ይባላል። እነ ጀማል ወርቅነቴን ባያወርዱብኝም እኔ ራሴ ብረት ሆኜ ተነሳሁ። ጀማል መኪና ሊያሠራ ወጣ፣ ዘሐራ ሺፍት ገባች። ቤቱን ዞርኩት። ግቢውን ዞርኩት። የጎረቤቱን ቅጠል ጠርጌ ሰውየው በመስኮት አመሰገነኝ። ከዚያ ወደ ጋራዡ ሄድኩ።

አበባዬ ነጭ እንጨት ሆና ግራጫው ላይ ጎልታ ትታያለች። ወንበሩ ደግሞ ቀለሙ የተላላጠ፣ የቆሸሸ ነው። እኔ ቤት አሮጌ ወንበር ተጠግኖ አሮጌ ሆኖ አይመለስም። ባለቤቱ ሲመጣ ወንበሩን እስከማያውቀው ድረስ ካላበራ፣ "ምን ሠራህልኝ?" ነው የሚለው፤ እንዲያውም መሰደብ ነው። ግራጫውን ቀለም ከወርቁ በፊት የሚቀባ መነሻ አድርጌ ነው የወሰድኩት፤ ወርቁ ከዘመን ብዛት የተላላጠ መስሎኝ። ሙዚየም ውስጥ ግራጫ ወንበር ማየቴን እንኳ አላስታወስኩም። እጄ ሥራ ሲያገኝ ጭንቅላቴ ያርፋል። ከመደርደሪያው ብርጭቆ ወረቀት አወረድኩና ጀመርኩት።

ሀያት አንድ ዕቃ ልትወስድ ስትገባ አየችኝ። "ዳድ ኖውስ?" አለችኝ። አባቴ ያውቃል ወይ ማለቷ እንደሆነ ገብቶኛል። "ሰርፕራይዝ!" አልኳት። ግንባሯን ቋጥራ ወጣች።

ጀማል ሲመለስ ሁለቱ የፊት እግሮችና አንዱ የእጅ መደገፊያ ቦያቸው ድረስ ነጽተው፣ እንጨቱ እንደ ማር ሆኖ ነበር። ምስጋና ጠብቄ ዞር አልኩ። ጀማል በሩ ላይ ቆመ።

"ጋሼ፣ ቀለሙ የት ሄደ?"

በእጄ መሬቱን አሳየሁት። ግራጫው አቧራ እግሬ ሥር ነበር።

"እሱ ነበር እኮ ወንበሩ" አለኝ ቀስ ብሎ። "እንጨትማ የትም አለ። ያ ቀለም ሲሠራ የተቀባ ነው፤ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። የጥንት ቀለሙ ያልተነካ ስለሆነ ነው ሊንዳ ለማንም ያልሰጠችው።"

የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይላሉ። እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀም አልነበረም። ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ጀማል አልጮኸብኝም፤ ቢጮህብኝ እመርጥ ነበር። አጠገቤ ተቀመጠና "እኔ ነኝ ያጠፋሁት እላታለሁ" አለ። በአሥራ ስድስት ዓመት አንድ ጥፋት ያልተገኘበት ሰው ነው። ይህን ጥፋት ከተቀበለ እዚያ ዎርክሾፕ ውስጥ እንደማይቆይ ሁለታችንም እናውቃለን።

"እኔ ነኝ ያጠፋሁት፤ እኔ እነግራታለሁ" አልኩት።

"አንተ ነህ ካልክ፣ አንተ ለምን ነካኸው ትላለች። ከዚያስ?"

ከዚያማ እጁ ይመጣል። ምሽቱን በሙሉ በዚህ ተከራከርን። በመጨረሻ ያስማማን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይተረጉማል። ምን እንደምናገር ግን አልተስማማንም።

ሰኞ

ወንበሩን በብርድ ልብስ ጠቅልለን ወደ ሴንት ፖል ሄድን። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ጀማል "ሚሲሲፒ ይኼ ነው" አለኝ። ትልቅ ወንዝ ነው፤ እኔ ያየሁት ግን መሪውን የያዘውን እጁን ነው።

ሊንዳ ሰባ ዓመት የሚሆናት፣ ነጭ ጸጉሯን በእርሳስ የሰካች፣ ኮላ የደረቀበት ሽርጥ የታጠቀች ሴት ናት። እኔን ስታይ ደስ ብሏት ጨበጠችኝ፤ የጀማል መምህር መሆኔን ሰምታለች። ይህ ሐፍረቴን ጨመረው። ብርድ ልብሱ ሲነሳ ፈገግታዋ ጠፋ። ተንበረከከች። በጥፍሯ ጫፍ የነጣውን እግር ከላይ እስከ ታች ዳሰሰችው፣ ከዚያ ቀለሙ ያለበትን የኋላውን እግር ዳሰሰች። ቀና ስትል ዓይኗ ጀማል ላይ ነበር።

"ንገራት" አልኩት። "ይህን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ጀማል ቤት አልነበረም። እኛ አገር አሮጌ ወንበር የሚጠገነው እንዲህ ነው፤ ቀለሙ ዋጋ እንዳለው አላወቅኩም። ይቅርታ አድርጊልኝ፤ የወንበሩንም ባለቤት ይቅርታ ልጠይቅ፣ ውሰጂኝ በላት።"

ጀማል ተረጎመ። እኔ ያን ያህል የተናገርኩት በእሱ አፍ ሦስት ቃል ሆነ። እንግሊዝኛ ባላውቅም መቁጠር አውቃለሁ።

ሊንዳ አበባዬን በአጉሊ መነጽር አየቻት። "ሁ?" አለች፤ ማን ሠራው ማለቷ ነው። እንደ ተማሪ እጄን አወጣሁ። "ቢዩቲፉል" አለች። ቀጥላ የነጣውን እግር አሳይታ ሌላ ቃል ተናገረች፤ ጀማል አልተረጎመውም፣ እኔም ትርጉሙን አልጠየቅኩም። ከዚያ አጠር ያለ ጥያቄ ጠየቀችው።

"ምን አለች?"

"ለምን አንተ አልቀረጽከውም አለችኝ።"

ምን ብዬ እንደመለስኩ በደንብ አስታውሳለሁ፤ ከአነጋገር ይፈረዳል ብዬ ቃሌን መርጬ ነበርና። "እጁ ይንቀጠቀጣል በላት። ሁለት ዓመት ደብቆታል፤ አንቺ እንዳታባርሪው ፈርቶ ነው በላት። እኔን ያስመጣኝ ለዚህ ነው በላት። ወንበሩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ወንበሩ እዚያ ጋራዥ የገባው ግን በዚህ ውሸት ነው በላት።"

ጀማል ሳይተረጉም እጁን ኪሱ ከተተ። ሊንዳ ከእሱ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ እሱ ታያለች። "ጀማል" አልኩት፣ "እኔ ልናገር አልችልም። ቋንቋው ያለህ አንተ ነህ።"

እጁን ከኪሱ አወጣና በመሥሪያ ጠረጴዛው ላይ፣ በመሮዎቹ መካከል ዘረጋው። ሊይዘው አልሞከረም። ተወው። ከዚያ መናገር ጀመረ፤ እኔ ከተናገርኩት እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ ተናገረ፤ መካከል ላይ ድምፁ ተሰበረና እንደገና ቀጠለ። ሊንዳ የእጁን አንጓ ያዘችው፤ እኛ ሥራ ላይ የላላ እግር ስንይዝ እንደምናደርገው፣ የት ጋ እንደሚንቀሳቀስ ለማወቅ በዝግታ። አንድ ሁለት ነገር አለችው። ከዚያ ወደ ቢሮዋ ገባች፤ ለወንበሩ ባለቤት ልትደውል እንደሆነ ጀማል ነገረኝ።

"ምን አለችህ?"

"ከዛሬ ጀምሮ መሮ አትነካም። ሐኪም ቤት ሂድ፤ ወረቀቱን ይዘህ ና፤ ከዚያ እናወራለን አለች።"

"አባረረችህ?"

"አላለችም። አላባርርህም ብላም አላለችም።"

ወደ መኪናው ስንሄድ ስልኩን አወጣ። "ዘሐራ፣ ብሬክሽ ስንት ሰዓት ነው? አይ፣ ምንም አልሆንኩም። መጥቼ አንድ ነገር ላሳይሽ ነው" ሲላት ሰማሁ። መሥሪያ ቤቷ በር ላይ ሲገናኙ እኔ መኪናው ውስጥ ቀረሁ። ከሩቅ ያየሁት እሷ ስታለቅስ፣ ቀጥላም በቦርሳዋ ትከሻውን ስትመታው ነው።

ሐሙስ

ማክሰኞና ረቡዕ በሐኪም ቤት ቀጠሮ አለፉ። ውጤቱ ገና ነው። የወንበሩ ባለቤት እንዳለ ይመለስልኝ፣ ማንም እንዳይቀባው ብለዋል፤ በግማሽ ግራጫ፣ በግማሽ ራቁቱን ቤታቸው ገብቷል። ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ ነበር፤ ሊያዩኝ አልፈለጉም። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሐሙስ ረፋድ ጀማል ኤርፖርት አደረሰኝ። መፈተሻው በር ላይ ስንደርስ ሦስት ቀን ሙሉ ያነቀኝን ጠየቅኩት።

"ያን ቀን እኔ የተናገርኩት ትንሽ ነው። አንተ ያን ሁሉ ጊዜ ምን አልካት?"

መሬት መሬት አየ። "ራሞን የሚባል ልጅ አብሮን ይሠራ ነበር። ባለፈው ዓመት አንድ የመስታወት ፍሬም ሰበርኩ፤ እጄ ነው የሰበረው። ሊንዳ ራሞን የሰበረው መሰላት። ዝም አልኩ። እሱ ተቀየመና ሥራውን ለቀቀ። እሱንም ነገርኳት።"

"እሺ፣ ታዲያ?"

"ስልክ ቁጥሩን ሰጠችኝ። ሁለት ቀን ሆነኝ፤ ደውዬ ሳይነሳ እዘጋዋለሁ። አንተን ሸኝቼ ስመለስ እደውልለታለሁ።"

"አሁን ደውል" አልኩት።

"ጋሼ፣ በረራህ..."

"እኔ እስክገባ አትጠብቅ። ደውል።"

ደወለ። ስልኩን በሚንቀጠቀጠው እጁ ነበር የያዘው፤ ሰው እያየው። ከኋላዬ ያሉት ሰዎች ገፉኝና ገባሁ። ቀበቶዬን ፈታሁ፣ ጫማዬን አወለቅኩ፣ መሮዎቹ ያሉበት ሻንጣ ቀድሞ ስለተጫነ በዚህ በኩል የሚጠይቀኝ አልነበረም። ጫማዬን ለማሰር ስጎነበስ በመስታወቱ በኩል ዞሬ አየሁት። ግድግዳው ላይ ተደግፎ አሁንም ያወራ ነበር።